የእማማን የድምፅ ወረቀት ሰብስቤ ባደርስላቸውስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጆርጂያ፣ ዲካልብ ካውንቲ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን መኪና የማይነዱ 12 የሚሆኑ እናቶችና አባቶች አሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀታቸው በፖስታ ይመጣላቸዋል። ቫን ስላለኝ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሞሉትን ሰብስቤ የድምፅ ወረቀት መቀበያው ሣጥን ውስጥ እንድከትላቸው ጠየቁኝ። ሎስ አንጀለስ ያለው የአጎቴ ልጅ ‹እኛ ጋ ሁሌ እናደርገዋለን፣ ችግር የለውም› አለኝ። አንድ ወንድም ‹ትታሰራለህ› ብሎ አስፈራራኝ። ሌላው ደግሞ ‹በፊርማ ከወከሉህ ይቻላል› አለ። ማንን ልመን? በዚያ ላይ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። የእሷን እኔ ብሞላላትስ?»

አይሰብስቡ። የእናትዎን ግን ሲሞሉ ሊያግዟቸው፣ ከዚያም ራስዎ ወስደው ሊያስገቡላቸው ይችላሉ። የአሥራ ሁለቱን መሰብሰብ ክልክል ሆኖ የእናትዎ የሚፈቀድበት ምክንያት አንድ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ልብዎ ቅን መሆኑን አይደለም። ለመራጩ ምኑ እንደሆኑ ነው።

የአጎትዎ ልጅ ለራሱ ስቴት ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ የምርጫውን አሠራር በአብዛኛው የሚወስኑት ስቴቶች ናቸው። ካሊፎርኒያ በ2016 ሕጓን ቀይራ መራጩ የፈለገውን ሰው እንዲልክ ፈቀደች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እዚያም ቢሆን በተሰበሰበው ወረቀት ቁጥር ልክ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ግን ሎስ አንጀለስ የተፈቀደ ነገር ዲካልብ ላይ አያድንዎትም። በየስቴቱ የተበተነ ዘመድ ስላለን የአንዱን ምክር ለሌላው እናስተላልፋለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን የዘመድ ምክር ከባድ አደጋ ላይ ይጥላል።

ጆርጂያ ውስጥ መራጩ ፖስታውን ራሱ መላክ ወይም ራሱ ማድረስ አለበት። በእሱ ፈንታ ይህን ማድረግ የሚችሉት በሕጉ ላይ በስም ተዘርዝረዋል። እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ወንድም፣ እህት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ፣ አማት፣ አማች፣ ምራት፣ ዋርሳ፣ ወይም እዚያው ቤት አብሮ የሚኖር ሰው። አካል ጉዳተኛ ለሆነ መራጭ ደግሞ ተንከባካቢው፣ እዚያ ቤት ባይኖርም፣ ማድረስ ይችላል። ሆስፒታል ለተኙና እስር ቤት ላሉ የተለየ አሠራር አለ፤ የእርስዎን ጉዳይ አይነካም።

ዝርዝሩን ደግመው ያንብቡት። የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ የሉበትም። እኛ ዘንድ እንደ ወንድም ነው የሚቆጠሩት፤ ሕጉ ግን አይቆጥራቸውም። የክርስትና ልጅ የለም። ጎረቤት የለም። የንስሐ አባት የለም። የማኅበር ጓደኛ፣ የዕድር ሰብሳቢ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ «እማማ» እያሉ የሚጠሯቸው ሴትዮም የሉበትም። የአጎት ልጅ ሊያደርስ የሚችለው አብሮ የሚኖር ከሆነ ወይም መራጩ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ተንከባካቢው እሱ ከሆነ ነው። ሌላ መንገድ የለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ክልከላው ሣጥኑ ጋ ስለማድረስ ብቻ አይደለም። ፖስታ ቤት ወስዶ መጣልም ያው ነው። «ሣጥኑ ካልሆነ ቴምብር ለጥፌ ፖስታ ቤት ልክተትላቸው» ብለው አስበው ከሆነ፣ ያም ለተዘረዘሩት ሰዎች ብቻ ነው የተፈቀደው።

ውክልናን በተመለከተ የነገረዎት ሰው ለምን እንደተሳሳተ ይገባኛል። በውክልና አዲስ አበባ ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይዛወራል፣ ባንክ ይንቀሳቀሳል። ውጭ የምንኖር ሰዎች ግማሹን ጉዳያችንን የምንጨርሰው በውክልና ነው። ድምፅ ግን ከዚህ ውጭ ነው። የጆርጂያ ዝርዝር ውስጥ «መራጩ በጽሑፍ የወከለው ሰው» የሚል የለም። አሥራ ሁለቱም ቢፈርሙልዎት፣ ኖታሪ ፊት ቢያጸድቁትም፣ ለውጥ አያመጣም። እንዲያውም ያ ወረቀት በራስዎ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

«ትታሰራለህ» ያለዎት ሰው ደግሞ አጋነነ ማለት አልችልም። በጆርጂያ ሕግ ሳይፈቀድለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ከምርጫ ጣቢያ ውጭ ይዞ የተገኘ ሰው በከባድ ወንጀል፣ በፌሎኒ፣ ሊከሰስ ይችላል። የተያዘ ሁሉ ይታሰራል ማለት አይደለም። ግን «ጥቂት ስለሆነ ማን ያየኛል» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። አሪዞና፣ ሳን ሉዊስ በምትባል የድንበር ከተማ በ2020 የቅድመ ምርጫ ውድድር ጊዜ የሆነውን ልንገርዎት። አንዲት የቀድሞ ከንቲባ የቤተሰቧ ያልሆኑ 4 የድምፅ ወረቀቶችን በማድረስ ተከሰሰች። ጥፋተኛነቷን አምና በ2022 የ30 ቀን እስርና የ2 ዓመት የገደብ ጊዜ ተፈረደባት። አራት ወረቀት ነው። እርስዎ አሥራ ሁለት ሊይዙ ነው።

ይህን ያህል ጥብቅ የሆነው ለምንድን ነው? ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱ የገባው ሰው ለእናቶቹም ማስረዳት ይችላል።

በ2018 በኖርዝ ካሮላይና 9ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል ማርክ ሃሪስ የተባሉ የሪፐብሊካን እጩ በ905 ድምፅ መሩ። የስቴቱ የምርጫ ቦርድ ግን ውጤቱን አላጸድቅም አለ። ብሌደን በምትባል የገጠር ካውንቲ ለእጩው ወገን የሚሠራ ማክሬ ዳውለስ የተባለ ሰው ሠራተኞች ቀጥሮ ቤት ለቤት ያዞር ነበር። ሠራተኞቹ ወረቀት ይሰበስባሉ። በ2019 የካቲት ላይ ቦርዱ ፊት ቀርበው የሰጡት ምስክርነት የሚያስደነግጥ ነበር። ያልታሸገ ወረቀት ተቀብለናል አሉ። ባዶ የተተወ ቦታ ሞልተናል አሉ። ሲፈረም ሳናይ ምስክር ነን ብለን ፈርመናል አሉ። እንዳይነቃባቸውም በጥቂት በጥቂቱ ፖስታ ቤት ይጥሉ ነበር፤ የምስክሩ ፊርማ ቀለም ከመራጩ ጋር እንዲመሳሰል እንኳ ይጠነቀቁ ነበር። በመጨረሻ ሃሪስ ራሳቸው አዲስ ምርጫ ይደረግ አሉ፤ አምስቱም የቦርድ አባላት ተስማሙ። ዳውለስ ክሱ ሳይቋጭ በ2022 ሞተ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ጉዳቱ የደረሰው ራሳቸው ወጥተው መምረጥ በሚከብዳቸው ሰዎች ላይ ነው። በሩን አንኳክቶ «እኔ ላድርስልዎት» ያለውን ሰው አመኑ። ወረቀቱ ይድረስ ይጣል፣ ይነካ አይነካ፣ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሁለተኛ፣ ይህ የተደረገው ማሰባሰብ ቀድሞም ክልክል በሆነበት ስቴት ነው። ሕጉ ድርጊቱን አላስቀረውም፤ ግን ሲጋለጥ መቅጣትና ምርጫውን መድገም አስችሏል። ከዚያ በፊትም፣ በ2005፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና ጄምስ ቤከር የመሩት ኮሚሽን እጩዎችና የፓርቲ ሰዎች የሰው የድምፅ ወረቀት እንዳይነኩ መክሮ ነበር።

የሌላውን ወገን ክርክርም መስማት አለብዎት፤ እኔ በቀላሉ የማልፈው አይደለም። አሪዞና በ2016 ከቤተሰብ፣ ከቤት አባልና ከተንከባካቢ በቀር ማንም የሰው ወረቀት እንዳይሰበስብ ስትከለክል በጣም የተጎዱት በገጠር የሚኖሩ ነባር አሜሪካውያን ናቸው ተባለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሐምሌ 1 ቀን 2021 ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸና። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ኤሌና ኬገን አንድ ቁጥር ጠቀሱ። በገጠር ካውንቲዎች ከሚኖሩ ነባር አሜሪካውያን መራጮች ደብዳቤ መኖሪያቸው ድረስ የሚመጣላቸው 18 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። በዚያው አካባቢ ከሚኖሩ ነጮች ደግሞ 86 በመቶዎቹ። ፖስታ ቤቱ ሩቅ፣ መኪና የሌለው ሰው ብዙ በሆነበት ቦታ፣ ወደ ከተማ የሚሄድ ጎረቤት የሁሉንም ይዞ መሄዱ የኑሮ ጉዳይ ነው።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። በክፍያ የሚሰበስብንና ለእጩ የሚሠራን ሰው መከልከል ተገቢ ነው። ከሴትዮዋ ቤት ሦስት በር ርቆ የሚኖር ጎረቤትን በፌሎኒ ማስፈራራት ግን ከልክ ያለፈ ነው። ጥቂት ወረቀት ብቻ እንዲያደርስ ፈቅዶ፣ ስሙን አስመዝግቦ፣ ማጭበርበርን መቆጣጠር ይቻላል። ሚኒሶታ አንድ ሰው እስከ 3፣ ኮሎራዶ እስከ 10 የሌላ ሰው ወረቀት እንዲያደርስ ይፈቅዳሉ። ይህ ግን የእኔ አስተያየት ነው። እሁድ ዕለት እርስዎን የሚገዛዎት የጆርጂያ ሕግ ነው።

አሁን ወደ እናትዎ እንምጣ። እዚህ ላይ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው፤ የፌዴራል ሕግም ጭምር። የምርጫ መብት ሕጉ አንቀጽ 208፣ በ1982 የተጨመረው፣ በዐይነ ስውርነት፣ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብና መጻፍ ባለመቻል እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የመረጠው ሰው እንዲያግዘው ይፈቅዳል። ማገዝ የማይችሉት የመራጩ አሠሪ፣ የአሠሪው ወኪልና የመራጩ የሠራተኛ ማኅበር ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። አማርኛ አሳምረው እያነበቡ እንግሊዝኛውን የማያነቡም በዚህ ይጠቀማሉ። ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ እናቱን ሊያስተረጉም ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ነበር። የተመዘገብከው በሌላ ካውንቲ ነው ብለው ከለከሉት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2017 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ያ የስቴት ገደብ ከአንቀጽ 208 ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ስለዚህ እናትዎ «ልጄ ያግዘኝ» ካሉ ማንም «አንተ አትሆንም» ሊላቸው አይችልም።

ማገዝ ማለት ግን መምረጥ ማለት አይደለም። እኛ ቤት የሚመጣው ችግር ይኼ ነው። እናት «ልጄ፣ አንተ የምታውቀውን ሙላልኝ» ይላሉ። በመተማመን ነው፤ ክፉ ነገር የለበትም። ግን እንደዚያ ከሞሉ የእሳቸውን ድምፅ ሰጡ ማለት አይደለም። የራስዎን ሁለት ጊዜ ሰጡ ማለት ነው። ይህ ልጅም ቢሆኑ አይፈቀድም።

እንዲህ ያድርጉ። ቁጭ ብለው ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ከነፓርቲያቸው፣ ያንብቡላቸው። የዳኞችና የትምህርት ቦርድ ውድድሮችን አይዝለሉ። በሕዝበ ውሳኔ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አጻጻፋቸው ለእንግሊዝኛ አንባቢም አስቸጋሪ ነው። «አዎ ካልኩ ምን ይሆናል፣ አይ ካልኩ ምን ይሆናል» በሚል መልክ ያስረዷቸው። ምልክት የሚያደርጉት እሳቸው የነገሩዎትን ብቻ ነው። ስለማያውቁት ውድድር «ይለፈኝ» ካሉ ባዶ ይተዉት፤ ባዶ መተው መብታቸው ነው። በፖስታው ላይ ፊርማው የእሳቸው ይሁን፤ በስማቸው አይፈርሙ። የመንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ ቁጥራቸውንና የልደት ቀናቸውን በትክክል ያስገቡ፤ ብዙ ፖስታ የሚመለሰው በዚህ ነው። ያገዘ ሰው የሚፈርምበት የቃለ መሐላ ቦታ አለ። እዚያ ላይ እርስዎ በራስዎ ስም ይፈርሙ። ይህን ቦታ ባዶ የሚተዉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ መደበቅ ያለበት ነገር ስለሌለ አይተዉት።

አንድ ጥንቃቄ። አንቀጽ 208 ለሌሎቹ አሥራ ሁለት ሰዎችም «እንግሊዝኛ ስለማያነቡ እኔ ላድርስላቸው» የሚያስብል በር አድርገው አይውሰዱት። መሙላት ማገዝና ማድረስ አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው በየፍርድ ቤቱ ክርክር አለበት። በዊስኮንሲን አንድ የፌዴራል ዳኛ በ2022 አካል ጉዳተኞች ወረቀታቸውን በመረጡት ሰው የማስመለስ መብት አላቸው ብሏል። ያ ውሳኔ ግን የዊስኮንሲን ነው። እርስዎ የክርክሩ መሞከሪያ አይሁኑ።

ታዲያ ቫኑ ምን ያድርግ? ሰዎቹን ይጫን። ዋናው ምክሬ ይኼ ነው። ወረቀቱን ማጓጓዝ ወንጀል ነው፤ መራጩን ማጓጓዝ ግን ምንም ክልከላ የለበትም። ሁለት መንገድ አለዎት።

የመጀመሪያው፣ እያንዳንዳቸው የታሸገውን ፖስታ በእጃቸው ይዘው ይሳፈሩ፤ ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ በእጃቸው ይክተቱ። እርስዎ ፖስታውን አይንኩ፤ «ቦርሳዬ ውስጥ ላድርግልዎት» አይበሉ። ሰዓቱን ግን አስቀድመው ያጣሩ። ከ2021 ወዲህ ጆርጂያ ውስጥ ሣጥኖቹ ያሉት አስቀድሞ ድምፅ መስጫ ጣቢያዎች ውስጥ ነው። የሚከፈቱትም ጣቢያው ክፍት በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው። እሁድ የሚከፈተው በካውንቲው ውሳኔ ስለሆነ የእናንተ እሁድ ዝግ ሊሆን ይችላል። ከምርጫው በፊት ባለው ዓርብ ደግሞ አስቀድሞ መምረጥ ያበቃል፤ ሣጥኑም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የቀረ ፖስታ በምርጫው ቀን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካውንቲው ቢሮ መድረስ አለበት። የሚቆጠረው የደረሰበት ሰዓት ነው፤ ፖስታ ቤት የተመታው ማህተም አያድንም።

ሁለተኛው መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በፖስታ የመጣላቸውን ወረቀት ይዘው ሄደው ለጣቢያው ይመልሱት፤ ያ ይሰረዝና በአካል ይመርጣሉ። የመታወቂያ ቁጥር ስሕተት፣ የፖስታ መዘግየት፣ የጎደለ ፊርማ የሚባል ጭንቀት አይኖርም። 75 ዓመት የሞላቸውና አካል ጉዳተኞች ሰልፍ ሳይጠብቁ እንዲገቡ መጠየቅ ይችላሉ። አስቀድሞ በሚመረጥባቸው ቀናት በማንኛውም ሰዓት፣ በምርጫው ቀን ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት ዐሥር ሰዓት ተኩል። ይህን የሚያውቅ ሰው ትንሽ ነው። በር ላይ ለቆመው ሠራተኛ መናገር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ቫኑ ውስጥ ስለ እጩ አይስበኩ። ስትሄዱ ማን እንደሚመረጥ ምክር አይስጡ፤ ለጉዞው ገንዘብ አይቀበሉ፣ ለመራጩም ምንም አይስጡ። ጣቢያው አጠገብ ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው ውኃና ምግብ ማደልም በጆርጂያ ክልክል ነው። ዳቦና ውኃ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቫኑ ውስጥ፣ ከጣቢያው ርቃችሁ፣ ቅመሱ።

ከቤት መውጣት የማይችሉትስ? መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ዘመድ ፈልጉ። የወንድም ልጅ ወይም ምራት አትላንታ አካባቢ የላቸውም? የሚንከባከባቸው ሰው አለ? ከሌለ፣ ቴምብር ለጥፈው በራሳቸው የፖስታ ሣጥን ያስቀምጡት ወይም ለፖስታ አዳዩ በእጃቸው ይስጡት። የፖስታ አገልግሎቱ ራሱ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ላኩ ይላል። እኔ ሁለት ሳምንት እላለሁ። መድረሱን በስቴቱ «ማይ ቮተር ፔጅ» ድረ ገጽ ማየት ይቻላል፤ ይህን ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለው ቢያሳዩዋቸው ማገዝ ነው።

ዜግነት ያልወሰዱ፣ ግሪን ካርድ ላይ ያሉ ከሆነ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ይጠንቀቁ። እናትን ማገዝና የእሳቸውን ማድረስ ዜግነት አይጠይቅም። የምርጫ ወንጀል ክስ ግን የመኖሪያ ፈቃድን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። የአንዳቸውንም ወረቀት አስቀድመው ተቀብለው ከሆነ አይክፈቱ፣ አይጣሉ፣ ሣጥን ውስጥም አይክተቱ። ለባለቤቶቹ ይመልሱና ያለመዘግየት ጠበቃ ያማክሩ።

ከጆርጂያ ውጭ ያላችሁ ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት። ቴክሳስ ውስጥ በእጅ ማድረስ የሚችለው መራጩ ራሱ፣ መታወቂያ ይዞ ነው። ፍሎሪዳ ከራስና ከቅርብ ቤተሰብ ውጭ ሁለት ብቻ ትፈቅዳለች። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ከግንቦት 2024 ጀምሮ አንድ ሰው ምርጫ ጣቢያ ማስረከብ የሚችለው ከራሱ ሌላ የአምስት ሰው ብቻ ነው፤ ቅጽም ይሞላል። ለፓርቲ የሚቀሰቅስ ሰው ከቤተሰቡና ከሚንከባከበው ሰው በቀር የማንንም መንካት አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ የምርጫ ቦርዱ የአማርኛ መረጃ ስላለው እሱን ጠይቁ። እነዚህ ሕጎች በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ በየምርጫው አዲስ ማጣራት ያስፈልጋል።

ለእርስዎ የሚቀረው ሥራ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ለዲካልብ ካውንቲ ምርጫ ቢሮ ይደውሉ፤ አስቀድሞ የሚመረጥባቸውን ቦታዎች፣ ቀኖችና ሰዓቶች ይጻፉ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አሥራ ሁለቱን ሰብስበው ወረቀታቸውን መቀበል እንደማይችሉ፣ እነሱን ግን ማድረስ እንደሚችሉ ይንገሯቸው። ቀን ቆርጣችሁ ለእያንዳንዳቸው የምታነሱበትን ሰዓት ስጧቸው። መታወቂያቸውንና በፖስታ የመጣላቸውን ወረቀት ይዘው እንዲጠብቁዎት ከዋዜማው ደውለው ያስታውሷቸው።